ከቀብር ላይ የተሰጠ ድምፅ

ስሚኝማ የኔ ማር፣ ያንን ሰው ሁሉ በስልኩ ሲቀባበለው የሰነበተውን የፓርላማ ቪዲዮ አይተሽዋል አይደል? ግራጫ ሹራብ የለበሰች ሴትዮ ማይኩ ተዘግቶባት ቆማ ስትናገር የሚታየውን? አዎ፣ እሱን ነው የምልሽ። ሰው የሚያየው የመጨረሻዋን ቁራጭ ብቻ ነው። ከሷ በፊት የሆነውን ካላወቅሽ ግን ምኑም አይገባሽም። ስለዚህ ሻይሽን ቅጂና ተመቻችተሽ ተቀመጪ፣ ከቀብሩ ልጀምርልሽ።

ሴትየዋ ቡሩልካን ትባላለች። ናሪን በሚባል ተራራማ አገር በኩል ያለች ኦይ-ታል የምትባል መንደር ልጅ ናት። ፓርላማ ከመግባቷ በፊት የከብት ሐኪም ነበረች፤ እጇን እስከ ትከሻዋ ላም ውስጥ ከታ ጥጃ እየጎተተች ስታወጣ የኖረች ሴት። ድምፅ ደግሞ አላት! ከተራራ ተራራ ፈረስ ስትጠራ ያደገች ስለሆነች ቢሮ ውስጥ ቀስ ብላ የምታወራው እንኳን ደረጃው ላይ ይሰማል። ተቃዋሚ ናት። ተቃዋሚዎቹ ያኔ ተሰብስበው አንድ ሚኒባስ ቢገቡ ወንበር ይተርፋቸው ነበር፣ ግን አንዳንድ ጊዜ ከመንግሥት ወገን የተኮራረፈ ስለማይጠፋ ነገሩ ሁሌ ለጥቂት ነው የሚያልቀው።

ያን ሰሞን የመጣው ሕግ ቱርና-ሳይን ለወርቅ ቆፋሪ ኩባንያ የሚሰጥ ነበር። ቱርና-ሳይ ማለት ኦይ-ታሎችና ጎረቤቶቻቸው ሁሉ በጋ ሲመጣ ድንኳናቸውን ጭነው፣ በግና ፈረሳቸውን ነድተው የሚወጡበት ግጦሽ ነው። እሱ ከሄደ ከብቱ ሄደ፣ ከብቱ ከሄደ ሰዉም ሞስኮ ሄዶ በረዶ ይጠርጋል፣ በቃ። ቡሩልካን ደግሞ ለምርጫ ስትወዳደር እዛው ሜዳ ላይ ቆማ፣ የልጅነት ጓደኛዋ ሳልኪን የምታልባትን ፈረስ ጀርባ እያሻሸች፣ እኔ እዛ ወንበር ላይ እያለሁ ቱርና-ሳይን ማንም አይነካውም ብላ ነበር። ሳልኪን አላጨበጨበችም። ወተቷን እያለበች፣ እሺ፣ እንግዲህ ወንበሩ ላይ ሁኚያ አለቻት። ይቺን ያዢልኝ።

አሁን ስለ ካርዱ ልንገርሽ። እያንዳንዱ የምክር ቤት አባል ካርድ አለው፤ ካርዱን ወንበሩ ፊት ያለች ማሽን ውስጥ ሰክቶ አረንጓዴ ወይ ቀይ ይጫናል። የገዢው ፓርቲ ሰዎች ታዲያ ሠርግ ካለባቸው፣ ጥርስ ካመማቸው፣ ወይ እንቅልፍ ከጠራቸው ካርዳቸውን ሰክተው ውልቅ ነው። ጎን ያለው ሰውዬ እንደ ሊጥ አቡኪ ግራና ቀኝ እየተንጠራራ ይጫንላቸዋል። ደንቡ ክልክል ነው ይላል። ግን ያው ደንብ፣ ድምፄ ተሰርቋል ብሎ መናገር የሚችለው ባለካርዱ ራሱ ብቻ ነው ይላል። ካርዱን ራሱ ትቶ የሄደ ሰው ደግሞ ምን ብሎ ይከሳል? እንዲህ እንዲህ እያሉ ለምደውታል። ተቃዋሚዎቹ ግን ካርዳቸውን ኪሳቸው ይዘው ነው የሚሄዱት፤ ቡሩልካን አንድ ጊዜ የራሷን ወገን ሰው ትቶት ሲሄድ ይዛው፣ ጥርስህን ለሰው ታውሳለህ ወይ ብላ አሳፍራዋለች።

እና በዚህ መሀል የቾሮቤክ እናት ሞቱ።

ቾሮቤክ የመንግሥት ወገን ነው፣ ትልቅ ሰው፣ ዝምተኛ፣ ለሕጉ ድጋፍ እሰጣለሁ ያለ። ከቡሩልካን ጋር በሐሳብ ተስማምተው አያውቁም። ግን ለቅሶ ነው፤ ለቅሶ ደግሞ እኛ ጋ ፓርቲ አይጠይቅም። አባትሽን የገደለ ሰው እናት ብትሞት እንኳን ትሄጃለሽ፣ መጥተሽ ሌላ ቀን ትጣያለሽ። ድምፅ የሚሰጠው ሐሙስ ነበር፣ ቀብሩ ረቡዕ። ቢሆንም ቡሩልካን ልቧ ስላልተማመነ የገዢው ፓርቲ መሪ የሆነውን ካልማትን ኮሪደር ላይ ያዘችውና ነገ ምንም ነገር የለም አይደል አለችው። ካልማት ወጣት ነው፣ ሽቶው ከሱ ቀድሞ የሚደርስ ዓይነት። እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ፣ ኤጄ ምን ነካዎት፣ ሁላችንም ሐዘን ላይ ነን፣ ማን ሥራ ያስባል አላት። ኤጄ፣ ታላቅ እህቴ ብሎ በወጉ የጠራሽን ሰው ደግሞ እንዴት ትጠረጥሪያለሽ? አመነችው።

ሄዱ። ተቃዋሚዎቹ በሙሉ፣ ከመንግሥትም ግማሽ የሚሆኑት። መንደሩ ሲደርሱ የሐዘኑ ድንኳን ተተክሏል፣ ሴቶቹ ውስጥ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ያለቅሳሉ፣ ቾሮቤክ ውጪ ወገቡን በጨርቅ ታጥቆ፣ ነጭ ቆቡን ደፍቶ፣ ዱላ ተደግፎ ቆሟል። ሰው በመጣ ቁጥር ድምፁን አውጥቶ እናቴ፣ እናቴ ይላል። ልጅ እዛች ቦታ ላይ ነው የሚቆመው። ቢታመም፣ ቢዘንብ፣ አገር ቢገለበጥ ከዛች ቦታ አይነቃነቅም። ቡሩልካን ገብታ ከሴቶቹ ጋር ተቀምጣ አለቀሰች። ሟቿን ታውቃቸው ነበር፤ ድሮ ፈረሳቸውን አክማ ገንዘብ አልቀበልም ስትል በግድ አንድ ሙሉ አቁማዳ የፈረስ ወተት ያሸከሟት ሴት ናቸው። አስከሬኑ ሲወጣ ሴቶቹ ወደ መቃብር ስለማይሄዱ በሩ ላይ ቆመው ቀሩ። ቾሮቤክ የቃሬዛውን ፊት በቀኝ ትከሻው ተሸክሞ ቁልቁል ሲወርድ ቡሩልካን እስኪሰወር ድረስ ስታየው ነበር።

ሲመለሱ መንገድ ላይ ስልኳ ጠራ። ሳልኪን ናት። ሳልኪን ደህና ነሽ ወይ ብላ አትጀምርም።

«ስጋው ጣፈጠ?» አለች።

ቡሩልካን አልገባትም። ምን ማለትሽ ነው አለች።

«እናንተ እዛ በግ ስትበሉ ቱርና-ሳይ እዚህ ተበላ። አሁን በሬዲዮ አለፈ። በአንድ ድምፅ ብልጫ።»

ሚኒባሱ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ሰማው፤ የቡሩልካን ስልክ ጆሮ ላይ ሳያስጠጉትም ይሰማል። ካልማት አስከሬኑ ከቤት እየወጣ ባለበት ሰዓት ስብሰባ ጠርቶ፣ ባዶ ወንበሮች መሀል የቀሩትን ሰዎቹን እያንጠራራ፣ ከራሱ ወገን ያኮረፉት ቀይ ቢጫኑበትም ሕጉን አሳልፎታል። ለቅሶ የሄዱት የሱ ሰዎች ካርዳቸው ማሽኑ ውስጥ ነበር፤ የተቃዋሚዎቹ ግን እነሱ ኪስ ውስጥ፣ እዛ መንገድ ላይ። ደጋፊ ተብለው ስማቸው ሲነበብ አንደኛው ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ቾሮቤክ!

ቡሩልካን ስልኩን ዘግታ ወደ መስኮቱ ዞረች። ከዛ፣ እናቱን ተሸክሞ አይቼዋለሁ አለች፣ ለማንም አይደለም፣ ለመስታወቱ።

የሷ ወገን የሆነ ኢሳቤክ የሚባል ጠበቃ አለ፣ ነገር ቶሎ የሚገባው። በቃ ቀለለልን አለ። ፌስቡክ ላይ «እናቱ ስትቀበር አዳራሽ ተቀምጦ ድምፅ የሰጠ ልጅ» ብለን እንለቅበታለን፣ እስከ ነገ ራሱ እየሮጠ መጥቶ አልነበርኩም ይላል። እውነቱን ነው፣ ይሠራ ነበር። ሌላ መንገድም አልነበራቸውም፤ ካለ ቾሮቤክ አፍ ያን ድምፅ የሚያስነሳ የለም። ቡሩልካን ግን እምቢ አለች። ከለቅሶ ቤት ዳቦ ቆርሳ በልታ ገና ጉሮሮዋ ሳይደርቅ ያንን አታደርግም። «የሰው እናት ዱላ አይደለችም» አለችው። ኢሳቤክ፣ ካልማት ግን ዱላ አድርጓታል እኮ አለ። «ለዛ ነዋ እኔ የማላደርጋት።»

እና ምን አደረገች፣ የሟቿ ሰባተኛ ቀን ሲወጣ ወደ ለቅሶው ቤት ተመልሳ ሄደች። ግቢው ውስጥ ሴቶቹ ቦርሶክ የሚባለውን በዘይት የሚጠበስ ሊጥ እየጠበሱ፣ የዘይቱ ሽታ መንገድ ድረስ ይጠራሻል። ቾሮቤክን አጥሩ ጋ ብቻውን አገኘችውና በቀስታ ጠየቀችው፤ ካርድዎን ትተውት ነው የመጡት ወይ ብላ። ቀና ብሎ አላያትም። «እህቴ፣ የሐዘን ቤት ነው። ፖለቲካ አታምጪብኝ» አላት።  ይቅርታ ብላ፣ ትኩሱን ቦርሶክ በናፕኪን ይዛ፣ እንደተገረፈች ልጅ ወጣች። አየሽ፣ ትክክል ሆኖ መሸማቀቅ እንዴት እንደሚያናድድ?

ፕሬዚዳንቱ ሕጉን ከመፈረማቸው በፊት የሚደረግ አንድ ስብሰባ ይቀር ነበር፤ ሚኒስትሮቹ መጥተው የሚጠየቁበት። በቴሌቪዥን በቀጥታ የሚተላለፍ። ካልማት አዳራሹ ሙሉ እንዲመስል ሰዎቹን ሁሉ ጠርቷል፣ ቾሮቤክንም ከሐዘኑ ቤት አስነስቶ አምጥቶታል። ጺሙን አልተላጨም፣ ወንበሩ ላይ እንደ ተረሳ ኮት ተቀምጧል።

ቡሩልካን ተራዋ ሲደርስ ተነሳችና የማዕድን ሚኒስትሩን ጠየቀች። ይሄ ሕግ ሲያልፍ አዳራሹ ውስጥ ስንት ሰው ነበር? ሚኒስትሩ በሕጋዊ ድምፅ ነው ያለፈው አለ። ስንት ድምፅ አላልኩም፣ ስንት ሰው ነው ያልኩት አለች። ሚኒስትሩ ወረቀቱን አገላበጠ፤ ወረቀቱ ላይ ሰው የለም። ያኔ ካልማት ከቦታው ሳይነሳ ጣልቃ ገባ።

«ኤጄ፣ እርስዎ የበግ ሐኪም ነዎት። ይሄ የሕግ ነገር ከሚያደክምዎት ወደ በጎችዎ ቢመለሱ አይሻልም?»

የሱ ሰዎች ሳቁ። ቡሩልካንም ፈገግ አለች፤ እሷ ፈገግ ስትል ላሞችም ይፈራሉ።

«ልክ ብለሃል፣ በግ አክሜ ነው ያረጀሁት» አለች። «ግን አንድ ነገር ልንገርህ፣ በሌለ በግ ስም የጮኸ በግ በዕድሜዬ አላየሁም።»

አሁን ሳቁ ከሌላኛው ወገን መጣ፣ እዛና እዚህ ደግሞ ከካልማት ጀርባም። አፈ ጉባኤው ጠረጴዛውን መታ። ማሽኑ የመዘገበው ተመዝግቧል፣ ባለካርዱ ካልተቃወመ ሌላ ሰው አያገባውም፣ ጥያቄው አልቋል አለ። ቡሩልካን አልተቀመጠችም። ያን ቀን ግማሽ ፓርላማ አንድ የሐዘን ድንኳን ደጃፍ ላይ ቆሞ ነበር፣ አለች። ስም አልጠራችም፣ ልብ በይ። የነበራችሁ ታውቃላችሁ፣ እኔም አይቻችኋለሁ፣ እናንተም አይታችሁኛል። ታዲያ እኛ እዛ ከሆንን ወንበራችሁ ላይ ማን ነበር?

እዚህ ጋ ካልማት ዝም ቢል ኖሮ ሁሉም ነገር አልቆ ነበር። አፈ ጉባኤው ወደ ሌላ ጥያቄ ሊያልፍ ነበር። ግን የተሳቀበት ወንድ ዝም አይልም። ተነሳ፣ ክራቫቱን አስተካከለ፣ ወደ ካሜራው ዞረ፣ እና ጀግና ሊያስመስል ፈልጎ እንዲህ አለ፦

«ስማቸውን ልጥራላችሁ፣ ቾሮቤክ ባይኬ፣ ታላቅ ወንድማችን ናቸው። ያን ቀን ከሐዘናቸው ተነስተው፣ እናታቸውን እዛው ትተው፣ እዚህ መጥተው በገዛ እጃቸው ተጭነው ነው የተመለሱት። ለአገር ማለት ይሄ ነው። እናንተ ስጋ ልትበሉ ሄዳችሁ፣ እሳቸው ሥራ ገቡ።»

አንቺ፣ ጉድ በይ! ሰውዬው የሰደበ አልመሰለውም እኮ፣ ያመሰገነ ነው የመሰለው። ሰው እናቱ ሳትቀበር ከዛች ከድንኳኑ ደጃፍ ተነስቶ ሄደ ማለት ምን ማለት እንደሆነ፣ ከተማ ያደገ ሆኖ ይሆን ችኩል ሆኖ እንጃለት፣ ከአፉ ከወጣ በኋላ ነው የሰማው። አንድ ሽማግሌ፣ የራሱ የካልማት ወገን፣ ቆቡን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አስቀመጠና ወለሉን ማየት ጀመረ። ቾሮቤክ ደሙ ከፊቱ ሄደ። ድንኳኑ ገና አልፈረሰም ነበር፤ እህቶቹ፣ የእህቶቹ ባሎች፣ መቃብር የቆፈሩት ጎረቤቶች ሁሉ እዛ ተሰብስበው ቴሌቪዥኑን እያዩ ነበር።

ኢሳቤክ የቡሩልካንን ሹራብ ጎተተ። በይው አሁን፣ በይው፣ ራሳቸው አመጡት። ቡሩልካን እጁን ከላይዋ አነሳችው። አፈ ጉባኤው ማይኳን ዘጋው። እሷም ማይኩን በሁለት ጣቷ ወደ ጎን ገፋ አደረገችውና ወደ ቾሮቤክ ዞረች፤ ድምፅዋ የመጨረሻው ወንበር ድረስ ደረሰ።

«ባይኬ፣ ስለ ሕጉ አልጠይቅዎትም። ስለ ካርድም አልጠይቅዎትም፣ አንዴ ጠይቄ አጥፍቻለሁ። እናትዎ ከድንኳኑ ሲወጡ የቃሬዛውን ፊት በቀኝ ትከሻው የተሸከመ አንድ ሰው አይቻለሁ። እኔ እርስዎን ያየሁ መስሎኝ ነበር። ይሄ ሰው አላየሽም እያለኝ ነው። እርስዎ ይንገሩኝ። ካልነበሩ ዓይኔ ነው የዋሸኝ፣ ሁላችሁንም ይቅርታ ጠይቄ እቀመጣለሁ።»

አፈ ጉባኤው ተቀመጪ አለ። አልተቀመጠችም። ደግሞ አለ። ጥበቃዎቹ መጡ፣ ሁለት ግዙፍ ልጆች፣ ግራና ቀኝ ቆሙባት። ቀና ብላ አየቻቸውና፣ ቆዩ እስቲ ልጆቼ፣ ሰውየው ይመልስልኝ፣ ከዛ በእግሬ አብሬያችሁ እወጣለሁ አለቻቸው። ልጆቹ እርስ በርስ ተያዩ። አንደኛው ወደ ቾሮቤክ ዞረ፣ እሱም መልሱን መስማት ፈልጎ።

ቾሮቤክ ጠረጴዛውን ተደግፎ ተነሳ፤ ልክ ያን ዱላ እንደተደገፈው።

«እኔ ነበርኩ» አለ። «እናቴን የተሸከምኳት እኔ ነኝ። አፈሩንም መጀመሪያ የመለስኩት እኔ ነኝ። ያን ቀን ከተማ አልመጣሁም። ቁልፍ አልነካሁም።»

ካልማት ጎንበስ ብሎ የሆነ ነገር በጆሮው ሊለው ሞከረ። ቾሮቤክ ዝቅ ብሎ አየውና፣ ሁሉም በሚሰማው ድምፅ፣ «አንተ እናት የለህም?» ብሎት ተቀመጠ።

ያ ነው ቪዲዮው የሚያልቅበት። ከዛ በኋላ ያለው ጫጫታ ነው። አፈ ጉባኤው ስብሰባውን በተነ፣ ተጠራርተው ቢሮ ዘግተው ተነታረኩ፣ መጨረሻ ላይ ባለካርዱ ራሱ አልነካሁም ስላለ ድምፁ ተሰርዞ፣ ያቺ የአንድ ድምፅ ብልጫ ስለጠፋች ሕጉ ሰኞ እንደገና እንዲቀርብ ተወሰነ። ስትሰሚው ያለቀ ይመስላል አይደል? አላለቀም። ቡሩልካን ኮሪደሩ ላይ ከቾሮቤክ ጋር ተገጣጠመች።  ከዛ እሱ፣ እህቴ፣ በጣም ደስ እንዳይልሽ አላት። ሕጉ ጥሩ ነው ብዬ ነው እስከ ዛሬም የማምነው፣ መንገድ ይመጣል፣ ሥራ ይመጣል። ሰኞ አረንጓዴውን ልጫን እችላለሁ።

«ይጫኑ» አለችው። «በራስዎ ጣት ይሁን እንጂ ይጫኑ። እኔም ከፊትዎ ተቀምጬ ቀዩን እጫናለሁ።»

ራሱን ነቀነቀ። ሊሄድ ካለ በኋላ ተመልሶ፣ ያን ዕለት ቦርሶኩን በደንብ ሳትበዪ ነው የሄድሽው፣ እናቴ ብታይ ትቆጣኝ ነበር አላት። ያኔ ነው ቡሩልካን ዓይኗ እንባ ያቀረረው፤ አዳራሹ ውስጥ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት አንዲት ጠብታ አልወጣትም ነበር።

እና ደግሞ የሚያስቀውን ልንገርሽ። ገና ሳይመሽ ለተቃዋሚዎቹ ለሰኞ የሚሆን የጥሪ መዓት ይጎርፍ ጀመር። አንዱ ሀብታም ሰኞ ኢሲክ-ኩል ሐይቁ ዳር ልጁን ይድራል፣ ቡሩልካን ኤጄ ካልመጡ ሠርግ አይባልም ይላል። አንዱ ኦሽ ላይ የፈረስ ውድድር አለ፣ የክብር እንግዳ ይሁኑልን ይላል። ከኢሳቤክ ሚስት ዘመዶች ወገን ደግሞ አንድ የማይታወቅ አጎት በጠና ታሟል የሚል ስልክ መጣ። ኢሳቤክ ተጨነቀ፣ ቢሆንስ አለ፣ እውነት ቢሞትስ?

ቡሩልካን ቤቷ ገብታ ጫማዋን አውልቃ እግሯን ሞቅ ያለ ውሃ ውስጥ ከተተችና ሳልኪን ጋ ደወለች። ሁሉንም ነገረቻት፤ ሰኞ ገና መሆኑን፣ ቾሮቤክ አረንጓዴ ሊጫን እንደሚችል፣ ሊሸነፉ እንደሚችሉ፣ ሠርጉን፣ ውድድሩን፣ አጎቱን። ቃል የገባሁልሽን ላልፈጽመው እችላለሁ አለቻት፣ ከመንደር ከወጣችበት ጊዜ ጀምሮ ከሷ ጋር ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። ከወዲያ ማዶ የፈረስ ማናፋት ይሰማል፣ ሳልኪን እያለበች ነው ስልኩን የያዘችው።  ከዛ የመለሰችላትን ቃል በቃል ነው የምነግርሽ፣ አንዲት ፊደል አልጨመርኩም፦

«ተሸነፊም አሸንፊም ወንበሩ ላይ ቁጭ ብለሽ ይሁን። እኔ ራሴ ሰኞ ብሞት እንኳን እንዳትነሺ፤ ማክሰኞ መጥተሽ ታለቅሺኛለሽ፣ እጠብቅሻለሁ።»